የቅዳሜ ማኅበር ጸሐፊ

ቅዳሜ ቅዳሜ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሐዳሳ የመሥሪያ ቤቷን አዳራሽ ትከፍታለች። መስኮቶቹን ገፋ ገፋ አድርጋ አየር ታስገባለች፤ ስድሳ የፕላስቲክ ወንበሮችን በስድስት ረድፍ ትደረድራለች፤ ፕሮጀክተሩን ትሰካለች፤ የመፈረሚያ ወረቀቱን በር አጠገብ ታስቀምጣለች። ከዚያ ጥግ ይዛ የቃለ ጉባኤ ደብተሯን ትገልጣለች። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር እንዲህ ነው። የሚመጡት ሰዎች እንደምን ዋልሽ ከማለታቸው በፊት፣ «ሐዱ፣ ኢንተርኔቱ አለ?» ይሏታል። እሷም «አለ» ትላለች።

ሰዎቹ ከቁጥር እንጀራ የሚበሉ ወይም መብላት የሚፈልጉ ናቸው። የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ነርስ አለች፤ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጣ ተቆጣጣሪ አለ፤ ሥራ ያላገኘ ምሩቅማ በሽ ነው። ሰብሳቢያቸው መምህር ሸዋንግዛው ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። የማኅበሩ ደንብ ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተነሥቶ የሠራውን የዳታ ትንተና ያሳያል፤ ሌላው ይጠይቀዋል፣ ይሞግተዋል፣ ሲያስፈልግም ይስቅበታል። እዚያ መድረክ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የቆመ ሰው ስሙ ይታወቃል። ስሙ የታወቀ ደግሞ ሥራ ሲወጣ፣ «እሱን እኮ አውቀዋለሁ፤ ሲያቀርብ አይቼዋለሁ» የሚልለት አያጣም። በዚህ መንገድ ከማኅበሩ አሥራ አንድ ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቷል። ቁጥሩን ሐዳሳ በትክክል ታውቀዋለች፤ የእያንዳንዱን የስንብት ንግግር በቃለ ጉባኤ የያዘችው እሷ ናት።

እሷም የመጣችው ለዚሁ ነበር።

አባቷ የሞቱት የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። የተመረቀች ሳምንት አቶ ደሳለኝ ስልክ ደወሉ። አቶ ደሳለኝ የአንድ የእናቶች ጤና ድርጅት የሐዋሳ ቅርንጫፍ ኃላፊ ናቸው፤ እነ ሐዳሳ በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። «ሰኞ ነይ» አሏት። ማስታወቂያ አልወጣም፣ ፈተና አልተፈተነችም። እናቷ በዚያ ሳምንት በጸሎት ቡድን ፊት ቆመው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ምስክርነት ሰጡ፤ የአቶ ደሳለኝ ስምም በምስክርነቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሆነ። እናቷ ዛሬም አቶ ደሳለኝን በመንገድ ካዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ይቆማሉ።

የሐዳሳ የሥራ መደብ ዳታ ኢንኮደር ይባላል። ከየወረዳው ጤና ጣቢያ የሚመጣውን የወሊድ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ታስገባለች። መግባት ያለበት ገብቶ ሲያልቅ ሥራዋ እዚያ ያበቃል፤ መደቡ ላይ የተጻፈው ይኸው ነውና። እሷ ግን ያስገባችውን መልሳ የማየት አመል ነበረባት። በሁለተኛው ዓመቷ አንድ ነገር አየች። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን በአንዳንድ ወረዳዎች የሚወለደው ሕፃን ከሌላው ቀን በአምስትና በስድስት እጥፍ ይበልጣል። ቀደም ሲል የወጣው የድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት ይህን አይቶ፣ «እናቶች በአዲስ ዓመት ዕለት ወደ ጤና ተቋም የመምጣት ከፍተኛ ዝንባሌ አላቸው» ብሎ ነበር።

«ዝንባሌ!» አለች ታቢታ ይህን በሰማች ጊዜ። ታቢታ ነርስ ናት፤ የሐዳሳ የልብ ጓደኛም። «ስድስት ዓመት አዋልጃለሁ፤ ምጥ የቀን መቁጠሪያ አይቶ ሲመጣ አላየሁም።»

ሐዳሳ መልሱን ያገኘችው ከወረቀት መዝገቦቹ ነው። ወረዳዎቹ መዝገቡን ገልብጠው የሚልኩበት የኮምፒዩተር ቅጽ የወር ዝርዝር ሲያቀርብ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበረው፤ ቅጹን የሠራው ሰው ጳጉሜን ረስቷታል። በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን የሚገባበት ወር ስለሌለ፣ አንዱ ወረዳ ወደ ነሐሴ ሠላሳ ይመልሰዋል፤ ሌላው ወደ መስከረም አንድ ይገፋዋል፤ ሦስተኛው ጭራሽ ይተወዋል። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ መዝገብ ከመዝገብ አመሳክራ፣ የአራት ዓመት የጳጉሜ ልጆችን አንድ በአንድ ወደ ቀናቸው መለሰቻቸው። ከስድስት መቶ በላይ ነበሩ። አንድ ማስተካከያ ሠንጠረዥም ሠራች። አቶ ደሳለኝ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ጎበዝ ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ» አሉ፤ ሪፖርቱ በእሳቸው ፊርማ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። መደቧን ወደ ዳታ ተንታኝ እንዲቀይሩላት ስትጠይቅ፣ «መዋቅሩ አይፈቅድም» አሉ። በዓመቱ ስትጠይቅም መዋቅሩ አልፈቀደም።

ሌላ ቦታ ስታመለክት ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀው በዳታ ትንተና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። የእሷ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ኢንኮደር ይላል። ተንታኝ ለመባል ተንታኝ ሆኖ መሥራት ያስፈልጋል፤ ተንታኝ ሆኖ ለመሥራት ተንታኝ መባል ያስፈልጋል። ሐዳሳ ይህን ክብ ለወራት ዞረችው።

ከክቡ የሚያወጣ በር ያሳያት ዮፍታሄ ነው። ዮፍታሄ ባንክ ውስጥ ይሠራል፤ ቀልደኛ ነው፤ ያኔ ማኅበሩ ስምንት ሰው ብቻ ነበር፤ የሚሰበሰበውም ሐይቅ ዳር አንድ ካፌ ውስጥ ነበር።

«ደብዳቤሽን እርሺው» አላት። «ልምድ ማለት ሰው ያየው ሥራ ነው። እዚህ ቁሚና አሳይ፤ የቀረውን ወሬ ራሱ ይሠራዋል።»

«ካፌ ውስጥ?»

«ምን አለበት? አስተናጋጁ እንኳ አሁን ከእኛ ይልቅ ስለ አማካይ ያውቃል። በአማካይ ስንት ማኪያቶ በስንት ሰዓት እንደምንጠጣ አስልቶ ሊያባርረን ነው።»

እውነትም አስተናጋጁ ሊያባርራቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። አዳራሽ ያስፈልጋል ተባለ። ሐዳሳ የመሥሪያ ቤቷ አዳራሽ ቅዳሜ ባዶ እንደሚውል ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት አቶ ደሳለኝን ጠየቀች። እሳቸውም ሰምተው፣ ትንሽ አስበው ፈቀዱ። «የምሰጠው ለአንቺ ነው እንጂ ለማኅበሩ አይደለም» አሉ። «ቁልፉ ካንቺ እጅ አይወጣም። ወንበር ቢሰበር፣ መብራት በርቶ ቢቀር፣ የማውቀው አንቺን ነው።» እሷም እንደ ክብር ቆጠረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንቱ ሰዎች በጭብጨባ ተቀበሏት፤ እዚያው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ፣ «ለጊዜው ሐዳሳ ትያዝ» ተባለ።

ለጊዜው የተባለ ነገር በሐዋሳ ዕድሜው ረጅም ነው።

ማኅበሩ ስድሳ ሰው ሆነ። የሐዳሳ የማቅረብ ተራ በመጀመሪያው ወር ተያዘ፤ የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣውን ጥበቃ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛ ጊዜ የአዲስ አበባ እንግዳ በድንገት ስለመጣ ተራዋን ለቀቀች። ሦስተኛ ጊዜ ዮፍታሄ ለሥራ ቃለ መጠይቅ መለማመጃ ብሎ ለመናት። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም በቃል አትይዘውም፤ ደብተሩ ግን ይዞታል። «የወይዘሪት ሐዳሳ ገለጻ ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ ቦታ ላይ አለ። የጻፈችውም እሷው ናት።

በዚህ መካከል የጳጉሜ ሠንጠረዧ ከእጅ እጅ ዞረ። ባንክ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሁሉ የጠፉ አምስት ቀኖቻቸውን በእሷ ሠንጠረዥ አገኙ። «የሐዱ ሠንጠረዥ» ይሉታል። ሠንጠረዡ ሁሉንም መሥሪያ ቤት አዳርሶ ሐዳሳ ግን ከበሩ ጥግ አልተነሣችም።

በሚያዝያ መጀመሪያ ለማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥናት ተቋም ዳታ ተንታኝ ይፈልጋል። ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ ማኅበሩ አንድ ሰው እንዲጠቁመው ጠይቋል፤ የተጠቆመው ሰው እንዴት እንደተመረጠ የሚያሳይ፣ የሥራ አመራሩ አባላት የፈረሙበትና ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ እስከ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ይላክልን ይላል። የሥራ ልምድ የሚለው ቦታ ላይ፣ «ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የሠሩት ሥራ ይበቃል» የሚል ተጽፎበታል።

ሐዳሳ ይህን መስመር አራት ጊዜ አነበበችው።

ታቢታ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጣች። «ይህ ቦታ ያንቺ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ልክሽን ለክተው የሰፉት ልብስ ነው። እዚህ ከቀረሽ እዚሁ ጡረታ ትወጫለሽ፤ ያኔም መዋቅሩ አይፈቅድም ይሉሻል።»

«አዳራሹስ?»

«አዳራሹ ምን ይሁን? ታገቢዋለሽ?»

ሐዳሳ ሳቀች፤ ግን ረቡዕ ጠዋት አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገባች። ለምን እንደገባች ለራሷም በደንብ አልተብራራላትም። ምናልባት አንድ ሰው፣ «ሂጂ፣ ምንም አይጎድልም» እንዲላት ፈልጋ ይሆናል።

«ጋሼ» አለች፣ «የቅዳሜውን አዳራሽ... ኃላፊነቱን ሌላ ሰው ቢወስደው፣ ማኅበሩ እንደ ድሮው መጠቀም ይችላል?»

አቶ ደሳለኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ፤ ለማወቅ ያህል ነው።»

«እንግዲያው ለማወቅ ያህል ልንገርሽ። አይችልም። ድርጅቱ ለማያውቀው ሰው አዳራሽ አይሰጥም። አንቺ ልጄ ስለሆንሽ ነው።» ከዚያ ለስለስ አሉ። «እናትሽ ደህና ናቸው? እሑድ አላየኋቸውም።»

«ጉንፋን ይዟቸው ነው።»

«ንገሪያቸው፤ እየጸለይን ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አባላቱ ሳይመጡ፣ አምስቱ የሥራ አመራር አባላት በባዶው አዳራሽ ተቀመጡ። ሸዋንግዛው ሰብሳቢ፤ ዮፍታሄ ምክትሉ፤ ታቢታ የአባላት ጉዳይ፤ ካሳሁን ንብረት ያዥ። የካሳሁን ንብረት አንድ ማራዘሚያ ገመድና ሁለት የሰሌዳ ማርከር ነው፤ በሥራው ግን ቀልድ አይወድም። ሐዳሳ ደብተሯን ገልጣ ቀኑን ጻፈች።

«እጩዎቻችን ሁለት ናቸው» አለ ሸዋንግዛው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዮፍታሄ እና ሐዳሳ። ሁለቱም ስለራሳቸው መናገር ይከብዳቸዋል፤ እኔ ልናገር። በችሎታ... እንግዲህ በችሎታ ከሆነ ክርክር የለም። ሁላችንም የሐዳሳን ሠንጠረዥ ነው የምንጠቀመው።»

«ቀልዱን ትተን» አለ ዮፍታሄ፣ «ከእኔ ትበልጣለች። እኔ መድረክ ላይ እበልጣለሁ። እሱ ደግሞ አፍ ነው።»

«ታዲያ አለቀ!» አለች ታቢታ።

«አላለቀም» አለ ካሳሁን። «አዳራሹ አለ። አቶ ደሳለኝ ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል?»

 ሐዳሳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ጸሐፊ ሆና የኖረችበት ሁለት ዓመት አንድ ልማድ አስይዟት ነበር፤ የተባለውን እንደተባለ መናገር።

«ረቡዕ ጠይቄያቸዋለሁ» አለች። «ድርጅቱ ለማያውቀው ሰው አዳራሽ አይሰጥም ብለዋል።»

ታቢታ አይኗን ጨፈነች።

«ይኸውላችሁ» አለ ካሳሁን። «ሐዳሳ ከሄደች አዳራሹም ይሄዳል። ስድሳ ሰው ወዴት ይሄዳል? ካፌ?»

ሸዋንግዛው እጆቹን አጣመረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱ በወለደች ማግስት እንኳ መጥቶ ሰብስቧል። «ሐዳሳ፣ እኅቴ» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ። ዮፍታሄ ቢሄድ አንድ ሰው ነው የሚጎድለን። አንቺ ብትሄጂ ማኅበሩ ነው የሚጎድለን። ይህን የምለው ዋጋሽን ስለማውቅ ነው። የሚቀጥለው ዕድል ሲመጣ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ከአንቺ በፊት ማንም አይታሰብም።»

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው» አለች ታቢታ።

«እንደ መዳብ አልቆጠርናትም!»

«እንደ ቁልፍ ነዋ የቆጠራችኋት።»

ዮፍታሄ ቀና ብሎ ሐዳሳን አየ። «ሐዱ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? አትሂድ ካልሽ አልሄድም። ሙች ብዬሻለሁ።»

ማለት ያለባትን ታውቃለች። «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» ማለት ነበር። አምስት ቃል አይሞላም። ግን አራት ጥንድ ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ጥያቄውም እንደ ደግነት ነበር የቀረበው፤ ለደግነት ደግሞ እንቢ ማለት አልተማረችም። «ማኅበሩ የወሰነውን» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» አለ ሸዋንግዛው፤ ትከሻው ረገብ አለ። «እንግዲያው ጻፊው።»

ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት አንድ መንገድ አለው፤ በአገሩ ያለ ማኅበር ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው። ምን ዓይነት ጭቅጭቅ ቢነሣ፣ ማንም ማንን ቢያስቀይም፣ ደብተሩ ላይ የሚቀረው «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚለው ነው። ሐዳሳ ይህን ዓረፍተ ነገር ከመቶ ጊዜ በላይ ጽፋዋለች። አሁንም «ሰፊ» ብላ ጀመረች። እጇ እዚያ ላይ ቆመ። ቃሉን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ መጻፍ ጀመረች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጻፈች። ሌሎቹ መጀመሪያ ስለ ኳስ አወሩ፤ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።

«ረዘመሳ?» አለ ካሳሁን።

ደብተሩን ወደ ሸዋንግዛው ገፋችለት። ሸዋንግዛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ያደርጋል።

«አቶ ሸዋንግዛው፦ በችሎታ ከሆነ ክርክር የለም፤ ሁላችንም የሐዳሳን ሠንጠረዥ ነው የምንጠቀመው። አቶ ዮፍታሄ፦ ከእኔ ትበልጣለች። አቶ ካሳሁን፦ ሐዳሳ ከሄደች አዳራሹም ይሄዳል...» ድምፁ ዝቅ እያለ ሄደ። የቀረውን በዓይኑ አነበበው። «ውሳኔ፦ ወይዘሪት ሐዳሳ የአዳራሹ ፈቃድ በስሟ ስለሆነ እንድትቀር፣ አቶ ዮፍታሄ እንዲጠቆም።»

ደብተሩን አስቀመጠ። «ይህን አስተካክለሽ ጻፊው።»

«ምኑ ተሳስቷል?»

«አልተሳሳተም። ግን እንዲህ አይጻፍም።»

«ያልተባለ ነገር ጽፌ ከሆነ ልሰርዘው።»

«ሐዳሳ፣ ይህ ለውጭ ሰው የሚላክ ነው!»

«እንዴት እንደተመረጠ ይገለጽ ነው የሚለው ደብዳቤው» አለች።  «እንዴት እንደተመረጠ ጽፌያለሁ። ሌላ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የሚፈልግ ካለ እስክሪብቶው ይኸውና።»

እስክሪብቶው ጠረጴዛው መካከል ላይ ቀረ። ካሳሁን ወደ ዮፍታሄ አየ፤ ዮፍታሄ ወደ መስኮቱ። መጻፍ የማይችል ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ሆኖም የተናገሩትን ክዶ ሌላ መጻፍ ማንኛቸውም በሌሎቹ ፊት የሚደፍሩት አልሆነም፤ ሐዳሳ እንድትጽፍላቸው ለምደዋል እንጂ እነሱ ራሳቸው ጽፈው አያውቁም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። ከውጭ የመጀመሪያዎቹ አባላት ድምፅ ተሰማ።

ያፍራሉ ብላ አስባ ነበር። አፍረውም ነበር፤ ፊታቸው ይናገራል። ግን ፈረሙ። መጀመሪያ ካሳሁን፣ «እውነት ነው፤ ያልኩትን ነው» ብሎ ፈረመ። ሸዋንግዛው ፊርማውን ከወትሮው አሳንሶ ፈረመ። ዮፍታሄ ለረጅም ጊዜ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ፣ «ሐዱ፣ ይቅርታ፤ የልጅ አባት ልሆን ነው» አለ፤ ፈረመ። ታቢታ «አልስማማም» ብላ ጽፋ ፈረመች። የመጨረሻው መስመር የጸሐፊዋ ነው። ሐዳሳ ፈረመች። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ላለመፈረም ምክንያት አላገኘችም። ማኅተሙን መታችበት፣ በስልኳ ፎቶ አነሣችው፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላከችው። ከዚያ ገለጻውን አዳመጠች። የዕለቱ ገለጻ ስለ አሳ ዋጋ ነበር።

እሑድ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አቶ ደሳለኝ በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበሉ ነበር፤ እናቷን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ይህች ልጅ ባትኖር ቢሮው አይቆምም» አሉ። እናቷ ደስ አላቸው። ሐዳሳ ፈገግ አለች፤ በዚያ ፈገግታ ውስጥ እዚያው ቢሮ የምታሳልፈውን ሠላሳ ዓመት አስቀድማ አየች።

ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«ወይዘሪት ሐዳሳ ነዎት? ጸሐፊዋ?»

«አዎ።»

«ሶፍያ እባላለሁ፤ ከጥናት ተቋሙ ነው። ቃለ ጉባኤያችሁን አነበብኩት።» ሴትዮዋ ትንሽ ሳቀች። «በሥራዬ ብዙ ቃለ ጉባኤ አይቻለሁ። ሰው የተናገረው ተጽፎ ያየሁት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ሠንጠረዥ የሚባለው ምንድን ነው?»

ሐዳሳ ስለ ጳጉሜ ነገረቻት። ስለ መስከረም አንድ፣ ስለ ወረቀት መዝገቦቹ፣ በየቀናቸው ስለ መለሰቻቸው ስድስት መቶ ልጆች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊቀርብ ሲተላለፍ የኖረው ገለጻ በአሥራ አራት ደቂቃ አለቀ።

«አቶ ዮፍታሄን ሐሙስ ስምንት ሰዓት እንፈትናለን» አለች ሶፍያ። «እርስዎንም አብረን እንድንፈትን አለቆቼ ፈቅደውልኛል። ቃል የምገባልዎ ነገር የለም፤ ቦታው አንድ ነው። ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ» አለች፤ ይህን ስትል ማንም አላያትም ነበርና ቀለላት።

ስልኩን ስትዘጋ ግን ገና የተዘጋው በር ሁሉ ባለበት ነበር። ሐሙስ የሥራ ቀን ነው። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ከሦስት ቀን በፊት ይሞላል ይላል፤ የቀራት ሁለት ነው። ታምሜ ነው ብትል አቶ ደሳለኝ እናቷ ዘንድ ደውለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ይጸልያሉ። ቅጹን ሞላች። «ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ፣ «የሥራ ፈተና» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ቃል ሳታስብ ቶሎ ተነሣችና ወደ ላይ ወጣች።

አቶ ደሳለኝ ቅጹን ወስደው አነበቡ። ሁለተኛ ጊዜ አነበቡት።

«ረቡዕ፣ ‹ለማወቅ ያህል› ያልሽኝ ይህን ነው?»

«አዎ ጋሼ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ ምን ጎደለብሽ?»

ብዙ መልስ ነበራት። አምስት ዓመት ያጠራቀመችው። «ምንም አልጎደለብኝም» አለች፤ ከዚያም ይህ እንደገና ውሸት መሆኑ ገባትና አረመችው። «ሥራዬ ጎደለብኝ፣ ጋሼ። የምሠራው ሥራ ስሙ የእኔ አይደለም።»

አቶ ደሳለኝ በመስኮት ወደ ግቢው አዩ። ሰውየው ተቆጥተው ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «አባትሽ አልጋ ላይ ሳሉ» አሉ፣ «አደራ ብለውኛል። ልጅቷን እንዳትጥላት አሉኝ። እኔ እስከዛሬ አደራዬን የጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር።»

«ጠብቀዋል፣ ጋሼ።»

«ቅጹን አስቀምጪውና ሂጂ። አስብበታለሁ።»

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰብበት ወረቀት ምን እንደሚሆን የምታውቅ ሰው ካለች ሐዳሳ ናት፤ የመደብ ለውጥ ጥያቄዎቿ ሁለቱም እዚያ አሉ። «እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ትኬት ዛሬ ካልቆረጥኩ አይገኝም። እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ጋሼ።»

አቶ ደሳለኝ ቅጹን ወደ ጎን ገፉት። ስልክ ጮኸ፤ አነሡት፤ ስለ ነዳጅ ኩፖን ከሾፌር ጋር ተነጋገሩ፤ ዘጉት። አልተንቀሳቀሰችም።  በመጨረሻ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቅጹ ላይ አጎነበሱ፤ ከጠበቀችው በላይ ጻፉ፤ ፈረሙ።

«አንድ ቀን ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዓርብ ጠዋት ሪፖርቱ ይጠበቃል። ለእናትሽም የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልነግርም።»

«እሺ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ደረጃው ላይ ቆማ ቅጹን አየችው። ፊርማው አለ። ቀኑ አለ። «የሥራ ፈተና» የሚለው ግን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዞ፣ ከላዩ በአቶ ደሳለኝ ረጋ ያለ የእጅ ጽሑፍ «የግል ጉዳይ» ተብሎ ተጽፏል። እሷን ለመሸፈን ይሁን ራሳቸውን፣ ወይም ተመልሳ ስትመጣ ማንም እንዳያውቅባት፣ ከጽሑፉ መለየት አይቻልም። ተመልሳ መጠየቅ ትችላለች። ተመልሳ ስትጠይቅ ግን ወረቀቱ ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ይመለሳል።

 ከዚያ ወርዳ ቅጹን ለሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሰጠቻት። ሠራተኛዋ ተቀብላ እያነበበች ቅንድቧን አነሣች።

«ሐሙስ ትቀሪያለሽ? አንቺ? ምን ተገኘ?»

«የግል ጉዳይ ነው» አለች ሐዳሳ፤ ትኬት ልትቆርጥ ወደ መናኸሪያ ወጣች።